ወፍ ለማየት ቦርከና ዳር፣ ጨፋ፣ ሐይቅ ወይስ ደሴ? ከኮምቦልቻና ከደሴ ለሚነሡ የንጽጽር መመሪያ

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ሆኖ "ቅዳሜ ጠዋት ወጣ ብዬ ወፍ ልይ" የሚል ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ሐይቅ ሂድ ይለዋል። ሌላው ጨፋን ሳታይ ወፍ አየሁ እንዳትል ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ምን አደከመህ፣ ቦርከና ዳር ቁጭ በል ይለዋል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። የሚለያየው የሚሄደው ሰው ነው፤ ኪሱ፣ ጊዜው፣ አብረውት የሚሄዱት ሰዎች፣ የእግሩ ጉልበት።

አካባቢያችን ለዚህ ነገር የታደለ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። የከሚሴን መንገድ ይዛችሁ ጨፋ ስትደርሱ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር ትወርዳላችሁ። በአንድ ጠዋት ከደጋ ወፍ ወደ ቆላ ወፍ ትሻገራላችሁ። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለው የከፍታ ልዩነት ለቁጥሩ አንዱ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዘና ለማለት ለሚወጣ ሰው ነው። ዝርዝር ይዞ፣ ስንት ዓይነት አየሁ እያለ ለሚቆጥረው ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። እንዲያውም እሱ አራቱንም ቦታ ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ መለኪያው

ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው "ብዙ ወፍ ያለው የት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ወፎቹ እዚያ የሚመጡት ምን ሊበሉ ነው? ይህን ካወቃችሁ የት እንደምትቀመጡና በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባችሁ ይገባችኋል። መሣሪያ ያስፈልግ አያስፈልግ እንደሆነም እንዲሁ። ረግረግ ውስጥ ትል የሚለቅም ወፍ ከእናንተ ሩቅ ነው፤ ያለ ባይኖኩላር፣ ማለትም ያለ ሩቅ ማያ መነጽር፣ ድካም ብቻ ይተርፋችኋል። የበሰለ ሾላ ላይ ያረፈ ወፍ ግን ከራሳችሁ በላይ ነው፤ አንገት ቀና ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው መለኪያ ወጪ ነው። በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስበት ቦታና መኪና ኮንትራት የሚጠይቅ ቦታ እኩል አይታዩም። ሦስተኛው ሰላምና ጤና ነው፤ መንገዱ፣ ጎርፉ፣ ወባው፣ ቢልሃርዚያው። አራተኛው አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ ገደል ጠርዝ ላይ ወፍ ማየት የለም፤ ልጁን ማየት ብቻ ነው ያለው።

ብርሃን ለሁሉም ቦታ አንድ ነው። ጠዋት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ካዞራችሁ የምታዩት ጥቁር ጥላ ነው፤ ቢጫውም ሰማያዊውም አንድ ይሆንባችኋል። ወፍ ሲንጫጫ፣ ማለትም ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሙቀት ይመጣል፣ ወፉም ጥላ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲያ እንደገና ይወጣል።

ቦርከና ዳር፦ ርካሹና ትዕግሥት የሚጠይቀው

ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ይወርዳል። መጨረሻው አዋሽ ነው። ስለዚህ ቦርከና ዳር ሲባል ብዙ ቦታ ነው። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ድንጋያማና ጠበብ ያለ ነው። በታች ያለው ሰፋ ያለ፣ ደለልና እርሻ የበዛበት ነው።

ከከተማው ራቅ ብላችሁ፣ ሦስት ነገር በአንድ ላይ የተገኘበትን መታጠፊያ ፈልጉ። በድንጋይ ላይ የሚፈስ ቀጭን ውሃ፣ ጸጥ ያለ ኩሬ፣ እና አንድ ትልቅ ሾላ ወይም ዋርካ። ሦስቱ ካሉ የተለያየ ዓይነት ምግብ በአንድ ዓይን እይታ ውስጥ አለ ማለት ነው።

በድንጋዩ ላይ ነፍሳት የሚለቅሙት ይሯሯጣሉ። ጅራታቸውን ላይ ታች እያደረጉ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘሉትን ትንንሽ ወፎች ሁላችሁም አይታችኋል። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ቢጫ ሆድ ያላቸው ዘመዶቻቸው ይቀላቀሏቸዋል፤ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይቆያሉ።

ኩሬው የአሳ በላዎች ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነው አሳ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወረወራል። አንዲት ከጣት እምብዛም የማትረዝም ደማቅ ሰማያዊ ዘመድ አለችው፤ ቄጠማ ላይ ተቀምጣ ስለምትጠብቅ ብዙ ሰው አያያትም። ሌላው ቡናማ፣ ራሱ እንደ መዶሻ የሆነው ወፍ ነው። በጭቃው ላይ እግሩን እያንቀሳቀሰ እንቁራሪትና ትንንሽ አሳ ያስነሣል። ጎጆውን ካገኛችሁ ዛፍ መንታ ላይ የተከመረ የእንጨት ክምር ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ወፉ ራሱ ግን ከዶሮ ብዙም አይበልጥም።

ሾላው ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። የበሰለ ሾላ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አረንጓዴ ርግቦች ቅጠሉ ውስጥ ተደብቀው ይበላሉ፤ ፍሬ ሲወድቅ ነው የምታውቁባቸው። ረዣዥም ጅራት ያላቸው ትንንሽ ግራጫ ወፎች በመንጋ ይንጠለጠላሉ። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ትልቅ ጠማማ ምንቃር ያለው ወፍ እያፏጨ ይመጣል። ሾላ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በተለያየ ጊዜ ያፈራል። ባለፈው ወር የሞላው ዛፍ ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንዙ ዳር የምታገኙትን እረኛ "የትኛው ሾላ በስሏል?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚህ የተሻለ የወፍ መረጃ የለም። ልጆቹ ጎጆው የት እንዳለ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቆሎ ያዙላቸው፣ ወንጭፉን ለሰዓት ያህል ያስቀምጡላችኋል።

አሁን ወደ ችግሩ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና እንደሚገቡ፣ ውሃውም ከባድ ብረቶች እንደተገኙበት በጥናት ታይቷል። ሽታውን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ስለዚህ ከሁለቱ መቀላቀያ በላይ ያለውን የወንዙን ክፍል እመርጣለሁ። በላይ ስል ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደሴም ከላይ አለችና። ለማየት ብቻ ሂዱ። ውሃው ውስጥ እግር አትንከሩ፣ ልጅም አታስገቡ።

ጎርፉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ላይ ሊዘንብ ይችላል። የደጋው ውሃ በገደሉ ውስጥ ተሰብስቦ በድንገት ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ፣ በበልግም ወራት ደመና ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ካያችሁ፣ አሸዋው ላይ አትቀመጡ። ከፍ ያለው ዳር ላይ ሁኑ።

ወጪው የባጃጅና የውሃ ብቻ ነው። ያለ ባይኖኩላርም ያስኬዳል። ከአራቱ አማራጮች ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ለመሄድ የሚመቸው ይህ ነው፤ ደጋግሞ የሄደ ሰው ደግሞ ወፉን ያውቀዋል፣ ወፉም ሰውየውን ይለምደዋል።

እህል ልበትንላቸው ወይ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ሩቅ ወንዝ ዳር አንድ ቦታ መርጦ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጤፍ ወይም ማሽላ በትኖ፣ ወፎቹን አልምዶ ማየት ለብዙ ሰው ጥሩ ሐሳብ ይመስለዋል። እስኪ አማራጮቹን እንያቸው።

እህል መበተን ወፍ ያመጣል፤ ይህ አይካድም። ግን የሚመጣው ድንቢጥ፣ ዋኔና ግሪሳ ነው። እነዚህን ለማየት ከቤት መውጣት አያስፈልግም። ሾላ በላው፣ አሳ በላው፣ ነፍሳት ለቃሚው እህል አይነካም። በዚያ ላይ ከወንዙ ዳር ያለው የማሽላ ማሳ የሰው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ገበሬው ልጁን ማማ ላይ አውጥቶ፣ ወንጭፍ አስይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ግሪሳ ያስጠብቃል። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች ይባላል። ትንሽ ነው። አንድ ሚሊዮን የሆነ መንጋ ሲመጣ ግን በቀን 100 ኩንታል ነው። እናንተ ከማሳው ሥር እህል በትናችሁ ወፍ ስትጠሩ ያየ ገበሬ ምን እንደሚላችሁ ለመገመት አያስቸግርም። "አያ፣ ለመዝናናት ነው" ብትሉት አይገባውም። ልክም ነው።

ሌላም አለ። እህሉን የሚለምዱት ወፎች ብቻ አይደሉም። ጦጣና ዝንጀሮም ይማራሉ፤ ከዚያ እናንተ በማትመጡበት ቀን ወደ ማሳው ይገባሉ። ለዘር የተቀመጠ፣ መድኃኒት የተቀባ እህል ደግሞ ወፍ ይገድላል። የሻገተ ዳቦም መርዝ ነው። ብዙ ወፍ በአንድ ጠባብ ቦታ ሲበላ በሽታም በቀላሉ ይተላለፋል።

ውሃ ማስቀመጥ የተሻለ አማራጭ ነው፣ ግን ለቤት ግቢ ነው። ወንዝ ዳር ውሃ አለ። ግቢያችሁ ውስጥ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሳህን አስቀምጡ። መሐሉ ላይ ድንጋይ አድርጉበት፣ ወፉ እንዲቆምበት። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ፤ ከቆየ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በበጋ ወራት ከእህል ይልቅ ብዙ ዓይነት የሚያመጣው ይህ ነው፤ የማይበሉትም ይጠማሉ።

ሦስተኛው አማራጭ ምንም አለመበተን ነው። ወንዝ ዳር የምመርጠው ይህንን ነው። ማዕዱ አለ፤ የእናንተ ሥራ ከጎኑ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነው። እህል ላይ የሚረባረብ ወፍ ማየት የሚያምራችሁ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ወደ አውድማ ሂዱ። ውቂያው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ሊለቅሙ ይመጣሉ፤ ባለቤቱም አይቆጣም። ሻይም ሊያስመጣላችሁ ይችላል፣ ወሎ ነውና።

ጨፋ፦ ብዙ ወፍ፣ ብዙ ጣጣ

ሐርቡን አልፋችሁ እስከ ከሚሴ ባለው ሜዳ ላይ ቦርከና ይዘረጋና ረግረግ ይሆናል። ጨፋ እሱ ነው። ከኮምቦልቻ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋር፣ የአርጎባና የአማራ አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች ከብቶቻቸውን ለግጦሽ የሚያመጡበት ቦታ ነው።

ወፉም የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጭቃው፣ ሁለተኛው ከብቱ። ከብት ሲንቀሳቀስ ፌንጣ ይነሣል፤ ነጫጮቹ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር እየተከተሉ ይለቅማሉ። ሽመላ፣ ዝይ፣ ዳክዬና ጥምዝ ምንቃር ያላቸው የረግረግ ወፎች እርጥቡን ይይዛሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ይጨመሩበታል። በቁጥር ከሆነ ሌላው ቦታ አይደርስበትም።

ጣጣው ርቀቱ ነው። ወደ ረግረጉ መግባት አይቻልም፣ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ማየት ነው። ያለ ባይኖኩላር ከሄዳችሁ ነጭ ነጥቦች አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጥላ የለም። የወባ አካባቢ ነው። ቢልሃርዚያም አለና ውሃው ውስጥ መግባት የለም። ረግረጉ በእርሻ እየተበላ ስለሆነ ወፉ ያለበት ቦታ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የአካባቢ ሰው ሳይዙ መሄድ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሹፌሮች ጠይቁ። "ዛሬ ደህና ነው" ካሏችሁ ሂዱ፣ ካቅማሙ ተዉት።

ሐይቅ፦ ለቤተሰብ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልድያ መንገድ። ሎጎ ሐይቅ ዳሩ ላይ ተቀምጦ አሳ እየበሉ ወፍ ማየት ይቻላል። ይህን የሚችል ሌላ ቦታ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እዚህ ወፉን የሚያመጣው አሳው ነው። አጥማጆቹ ጠዋት ከውሃው ሲመለሱና አሳ ሲያጸዱ የተጣለውን ሊቃርሙ ጭልፊቶች ይወርዳሉ። ዳሩ ላይ ያለው ቄጠማ የዳክዬና የሽመላ ቦታ ነው። ወፎቹ ሰውና ጀልባ ስለለመዱ ከጨፋ ይልቅ በብዙ ይቀርባሉ። ለስልክ ካሜራ እንኳ ተስፋ አለው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ እንደመጡ ይታወቃል። በገዳሙ ቅጥር ያለው ዛፍ ተከብሮ ስለኖረ ለወፍ ጥሩ መጠለያ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዕቅዳችሁን በዚያው ልክ አድርጉ። ሰው ለጸሎት በተሰበሰበበት ካሜራ አውጥቶ ወፍ ማሳደድም ነውር ነው።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሙዚቃና ጫጫታ ይበዛል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዳሩ ላይ መድረስ ከቻላችሁ ሰላም ነው። እዚህም ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹ ዳሩ ላይ እንዳይዋኙ።

ደሴ፦ ከቤት ሳይርቁ

ደሴ ያለ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሰማይ ቀና ብሎ ማየት ይረሳል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ወፎች እዚያው ጣሪያው ላይ አሉ። ወፍራም ምንቃር ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ አንዱ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ርግብ ሌላው ነው። ጠዋት በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈውና መስክ ላይ ትል የሚለቅመው፣ ጉሮሮው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት ወፍ ሦስተኛው ነው። ከአውሮፓ ሰው እነዚህን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኩ እንቆጣቸዋለን።

የከተማው ማዕድ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ነው። አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ እዚያ ይሰበሰባሉ። ሽታውን የሚችል ሰው ሩቅ ሆኖ ማየት ይችላል። ጥንብ አንሳዎች በመላው አፍሪካ በመመረዝ እያለቁ ነው፤ እዚህ የምናያቸው ብዙዎቹ ዓይነቶች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። ከነሱ አንዱ በ1973 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በወፍ ታሪክ ከፍተኛው የበረራ መዝገብ እሱ ነው።

ሽታ የማይወድ ወደ ጦሳ ይውጣ። እሬትና ራስ ክምር ሲያብብ አበባ ቀሳሚዎቹ ይመጣሉ፤ አንደኛዋ ዓይነት ስሟን ያገኘችው ከተከዜ ነው። ዕድል ከቀናችሁ አጥንት ሰባሪውንም ታያላችሁ፤ አጥንቱን ከላይ ዐለት ላይ ጥሎ ሰብሮ ቅልጥሙን የሚበላው። የበጋ ነፋስ ኃይለኛ ነውና ጋቢ ያዙ።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| | ቦርከና ዳር | ጨፋ | ሐይቅ | ደሴና ጦሳ |
|---|---|---|---|---|
| ወፉን የሚያመጣው ምግብ | ሾላ፣ ነፍሳት፣ ትንንሽ አሳ | የረግረግ ትል፣ ፌንጣ | አሳ | አበባ፣ ሥጋና አጥንት |
| ምን ያህል ይቀርባል | በጣም ቅርብ፣ ከተቀመጡ | ሩቅ | መካከለኛ እስከ ቅርብ | ከተማው ቅርብ፣ ጦሳ ሩቅ |
| ወጪ | በጣም ትንሽ | ከፍተኛ፣ መኪናና አብሮ ሄያጅ | መካከለኛ | ትንሽ |
| ባይኖኩላር | ባይኖርም ይሆናል | ግድ ነው | ቢኖር ይሻላል | ለጦሳ ቢኖር ይሻላል |
| ጥሩ ወቅት | ከጥቅምት እስከ የካቲት | ከኅዳር እስከ የካቲት | ዓመቱን ሙሉ | ዓመቱን ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበልጣል |
| መጠንቀቂያ | ጎርፍ፣ ፍሳሽ | መንገድ፣ ወባ፣ ቢልሃርዚያ | ቢልሃርዚያ፣ ጫጫታ | ብርድ፣ ገደል |
| ለልጆች | ከሰባት ዓመት በላይ | አይመችም | ይመቻል | ከተማው ይመቻል |

ስለ ባይኖኩላር ባጭሩ

ገበያ ላይ "20 እጥፍ ያቀርባል" የሚባል ርካሽ ነገር ታያላችሁ። አትግዙት። ብዙ ሲያቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይበዛል፣ ምስሉም ይጨልማል። 8x42 የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ቱን ለ8 ስታካፍሉ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ጠዋት ብርሃን ሲያንስ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው። ክብደት የሚያስቸግረው ሰው 8x32 ይያዝ። ያገለገለ ብትገዙ ሁለቱን ዓይን ከፍታችሁ እዩበት፤ ምስሉ ሁለት ከሆነ ተዉት።

አንድ ማሳሰቢያ። ኬላ፣ ድልድይ፣ አየር ማረፊያ፣ የጸጥታ ኃይል ያለበት ሰፈር አጠገብ ባይኖኩላርም ረጅም ካሜራም ከቦርሳ አይውጣ። ወፍ ነው የማየው ብትሉ የሚያምናችሁ ላይኖር ይችላል።

ስም ለማወቅ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል። ወንዝ ዳር ኔትወርክ ስለማይኖር የሚያስፈልገውን ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ አውርዱ።

ለማን የትኛው?

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ወሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ቦርከና ዳር። ያለ ምንም ጥርጥር። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ማሳው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፣ ሰላምታ ሳትሰጡ አትለፉ። ሁለት ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ መቀመጥ ካቃታችሁ ግን ይህ ቦታ ይሰለቻችኋል፤ እውነቱን ልንገራችሁ።

ልጆችና እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ሐይቅ። ወፉ ባይመጣ እንኳ አሳ አለ።

ደሴ የሚኖሩና ጉልበት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከቤት አይውጡ። ግቢ ውስጥ የውሃ ሳህን፣ አንድ እሬት፣ በረንዳ ላይ ወንበር። ቁራውና ርግቡ ራሳቸው ይመጣሉ።

መኪና ያለው፣ ባይኖኩላር የገዛና "ብዙ ልይ" የሚል ሰው ጨፋ ይሂድ፣ በጥር ወር፣ የአካባቢ ሰው ይዞ። ወጪውን ለአራት ብትካፈሉት ብዙም አይከብድም። ሐርቡ ላይ ቁርስ ብሎ ማለፍም አለ።

ከአዲስ አበባ ለሥራ መጥቶ አንድ ጠዋት ብቻ ያለው እንግዳ ካላችሁ ደሴን እመክራለሁ። በሌላ አገር የማያያቸውን ወፎች በሁለት ሰዓት ያያል፣ ከዚያም ወደ ስብሰባው ይመለሳል። ኮምቦልቻ ካደረ ግን ለአንድ ጠዋት ብላችሁ ሽቅብ አታውጡት፤ የበሰለ ሾላ ጠይቃችሁ ወደ ቦርከና ውሰዱት።

በክረምት ከሆነ ወንዙም ጨፋውም ይቅሩ። አብሽሩ፣ ክረምትም የራሱ አለው። ጎጆ ሠሪዎቹ ወፎች የሚዋለዱት ያኔ ነው። ውሃ ላይ ባዘነበለ ቅርንጫፍ ጎጆ ያንጠለጥላሉ፣ ወንዶቹም ደማቅ ቢጫ ይለብሳሉ። የሰው ሆዱን የወፍ ወንዱን ማን ያውቃል ይባላል፤ የእነዚህን ወንድ ግን ሐምሌ ላይ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ሐይቅ ዳር ዝናቡ ባባራ ሰዓት ፈልጓቸው። ቦት ጫማ አትርሱ።